የኸይረዲን ሱቅ ደፍ

የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሐሙስ

ለማንም ያልነገርኩት አንድ ጥፋት አለብኝ። ለልጄ ለማህሌትም፣ ለንስሐ አባቴ ለአባም አልነገርኩም። በየዓርቡ ኸይረዲን ጁምዓ ሊሰግድ ሲሄድ ሱቁን ለእኔ ትቶ ይሄዳል። እኔ ደግሞ ውሻዬ ደመና ሱቁ ውስጥ ሲገባ ዝም እላለሁ። ጥጉ ላይ፣ ከባቄላው ጆንያ አጠገብ ይተኛል። ኸይረዲን የሚመለስበት ሰዓት ሲቃረብ አስወጣዋለሁ፣ ጸጉሩን በልብስ ብሩሼ እጠርግና በረንዳው ላይ ወዳለው የስፌት መኪናዬ ተመልሼ ምንም እንዳልሆነ እቀመጣለሁ። ባለቤቴ ውቢት ካረፈች ጀምሮ እንዲህ ነኝ።

ሲጻፍ ትንሽ ነገር ይመስላል። ውሻ ሱቅ ገባ፣ ወጣ። ግን ያ ጥግ ኸይረዲን የሚሰግድበት ነው። መስገጃውን ጠቅልሎ ከጆንያው ኋላ ያቆመዋል። የከሰዓቱ ሶላት ሲደርስ እዚያው ያነጥፈውና ደንበኛ እያስጠበቀ ይሰግዳል። በእነሱ ሃይማኖት ርጥብ ውሻ የነካው ነገር ሰባት ጊዜ ይታጠባል፣ አንዱ በአፈር። ይህን የነገረኝ ራሱ ነው፣ ውቢት ደመናን ቡችላ ሆኖ ያመጣችው ቀን።

«ላምቤቦ» አለኝ፣ «እኔ ውሻ አልጠላም፣ የፈጠረው አላህ ነው። በረንዳው የእሱም ነው። ከደፉ ወዲህ ግን የእኔ ነው።»

ውቢት «አይገባም» አለች። ቃል ሰጠች ማለት ነው። ያስተማረችውም እሷ ናት። ደፉ ጋ ሲደርስ እጇን ወደ ታች ታደርጋለች፣ ይተኛል። ቆይቶ እጇም አላስፈለገም።

ከነገ ወዲያ ረመዳን ይገባል ይላሉ። የእኛም ጾም ሰኞ ገብቷል። ሁለታችንም በምንጾምበት ወር እንኳ ይህን ነገር ላቁም። ጽፌዋለሁ። ነገ ዓርብ ነው።


የካቲት 21

ዝናብ። ውሻው ገባ።

ከሚቀጥለው ዓርብ አቆማለሁ ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ረመዳን አልገባማ።


የካቲት 22፣ ቅዳሜ

ረመዳን ገባ። ኸይረዲን ከንፈሩ ደርቆ እየሳቀ ይሸጣል። የዒድ ልብስ ትእዛዝ ተደራርቦብኛል፤ ሦስት የልጆች ቀሚስ፣ አንድ ጀለቢያ፣ ገበሩ ያልተገዛ ኮት።

ሩቂያ የምትባል ሴት በበረንዳው ሌላኛው ጫፍ ሳምቡሳ መጥበስ ጀመረች። ባሏ ለሥራ ብሎ ጅማ ከሄደ ድምፁ ጠፍቷል፣ ልጆች አሏት። ቦታውን ኸይረዲን እንዲሁ ነው የሰጣት፤ የጾም ወር ነው ብሎ።

ገና ምድጃዋን ሳታቀጣጥል «ጋሽ ላምቤቦ፣ ውሻዎን ወዲያ ያድርጉልኝ፤ ምግብ ነው የምሸጠው» አለችኝ።

«ከአንቺ በፊት ነው እዚህ የነበረው» አልኳት።

ኸይረዲን ከውስጥ ሰምቶ ሳቀ። «ሩቂያ፣ ይሄ ውሻ ከእኔ የበለጠ ሥርዓት ያውቃል። እኔ ስንት ጊዜ በጫማዬ ገብቼ ሚስቴ ጮኻብኛለች! እሱ ግን ደፍ አይረግጥም።» ከዚያ ወደ እኔ፣ «አንተም ወደዚያ አስጠጋው እንጂ፤ ሰው ምን ይላል፣ ሳምቡሳውን ውሻ ቀምሶት ይሆናል ይላል።»

አስጠጋሁት። ያለችው ልክ ነበር። ለምን እንደዚያ እንደመለስኩላት አላውቅም። ዐውቃለሁ እንጂ።


የካቲት 25

አቶ አሳምነው ሱሪ ሊያሳጥር መጣ። ከዞን መሥሪያ ቤት ነው፤ ተረበኛ ሰው ነው።

«ጋሽ ላምቤቦ፣ ይሄ ውሻ ደመወዙ ስንት ነው? ጠዋት ይገባል፣ ማታ ይወጣል፣ ከእኛ መሥሪያ ቤት ሰው ይበልጣል።»

«በጡረታ ነው ያለው» አልኩት።

ወደ ውስጥ አፍንጫውን ነፋ ነፋ አደረገ። «ኸይሩ፣ ሱቅህ ግን የረጠበ ሱፍ ሱፍ ይላል።»

«የጆንያ ሽታ ነው» አለ ኸይረዲን።

እኔ ሱሪውን እየለካሁ ነበር። ሁለቴ ለካሁት፣ ሁለት የተለያየ ቁጥር መጣልኝ።

ማታ ማህሌት ከዱራሜ ደወለች። ለሥልጠና አዲስ አበባ ሄዳ ነበር። አንድ ሱፐርማርኬት ውስጥ አንዲት ሴትዮ ውሻዋን ሹራብ አልብሳ፣ በጋሪው ላይ ከሩዙና ከፓስታው ጋር አስቀምጣ ስትገፋ አየሁ አለችኝ። ሰው ምንም አላለም ወይ አልኳት። «አንድ ሽማግሌ ብቻ ፓስታቸውን መልሰው ሌላ ወሰዱ» አለች። ሳቅን። ሹራቡን ማን እንደሰፋው ጠየቅኳት። «አባዬ አንተ ደግሞ!» አለች።

ከዘጋሁ በኋላ የሽማግሌው ነገር አልለቅ አለኝ። እሳቸው አዩ፣ መለሱ፣ ሌላ ወሰዱ። ያላየ ሰውስ?


የካቲት 28፣ ዓርብ

ከባድ ዝናብ። ደመና ርጥብ ነበር። ይግባ አልኩ፣ ደሞ የዛሬን።

ሩቂያ ውስጥ ያስቀመጠችውን ዘይት ልትወስድ መጣችና አየችው።

«ጋሽ ላምቤቦ! እዚህ ይሰገዳል እኮ!»

«ዝናቡ ነው። አሁን ነው የገባው።»

አሁን አልኳት። ኸይረዲን ከሄደ ጀምሮ እዚያው ነበር።

ዘይቷን ይዛ ወጣች። አስወጣሁት፣ ጠረግኩት። ሲሚንቶው ላይ የገላው ቅርጽ በውሃ ተስሎ ቀርቶ ነበር። በጨርቅ አበስኩት፤ ቶሎ አልደርቅ አለ። ኸይረዲን ሲመለስ ምንጣፉን እዚያ ላይ ነው ያነጠፈው።

ማታ ቤተ ክርስቲያን ለፍኖተ መስቀል ጸሎት ሄድኩ። መንበርከክ አቃተኝ፤ ጉልበቴን ነው ብዬ ቆምኩ።


መጋቢት 1፣ ሰኞ

የዛሬውን በደንብ ልጻፈው፤ ነገ አሳምሬ እንዳላስታውሰው።

ከሰዓት ነው። ኸይረዲን ሰግዶ ምንጣፉን ይጠቀልላል። ሩቂያ እጇ ሊጥ እንደሆነ ደፉ ላይ መጥታ ቆመች።

«ጋሽ ኸይሩ፣ ዝም ብል አላህ ይጠይቀኛል። ዓርብ ያ ውሻ እዚያ ተኝቶ በዓይኔ አይቻለሁ። እርስዎ በሚሰግዱበት። ርጥብ ነበር።»

ኸይረዲን መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ሳቀ። «ላምቤቦ ሱቄን እየጠበቀልኝ? ስሚኝ ልጄ፤ ይሄ ሰው ሃያ ዓመት በረንዳዬ ላይ ተቀምጦ ሳይጠይቀኝ አንዲት ከረሜላ አንስቶ አያውቅም። ወላሂ! በጾመ አፌ እምላለሁ፣ ያ ውሻ ደፌን ረግጦ አያውቅም!»

ሳምቡሳ የሚጠብቁ ሰዎች ቆመው ነበር፤ የጎረቤት ባለሱቆችም፣ አቶ አሳምነውም። ሁሉም ሰማ።

ሩቂያ ወደ እኔ ዞረች። አልተቆጣችም። እስክናገር ነበር የምትጠብቀኝ። እኔ ክር መርፌ ውስጥ ለማስገባት አጎንብሼ ነበር። ክሩ ገብቶ ነበር እኮ። አወጣሁትና እንደገና አስገባሁት።

«በጾም ሰው ታሚያለሽ?» አላት ኸይረዲን፤ አሁን ሳቁ ጠፍቷል። «ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ውሻው ይነሳልኝ ስትዪ ነበር። በዚህ መጣሽ! ከነገ ጀምሮ ሌላ በረንዳ ፈልጊ።»

መጥበሻዋን ዘይቱ ሳይበርድ በጨርቅ ይዛ አነሳች። ልርዳሽ ብዬ ተነሳሁ።

«ይተዉት» አለችኝ።


መጋቢት 2

ቦታዋ ባዶ ነው። ሲሚንቶው ላይ የዘይት ነጠብጣብ አለ። ደመና ሄዶ አሸተተው።

ቀሚሶቹ አላለቁም።


መጋቢት 5፣ ዓርብ

ደመናን ቤት አስሬው መጣሁ። ኸይረዲን ቁልፉን ሲሰጠኝ ትከሻዬን መታ አደረገኝ፤ «አይዞህ፣ የሰው አፍ ነው፣ ያልፋል» አለ።

እኔን ነው የሚያጽናናው!

ብቻዬን ሱቁ ውስጥ ቆሜ ጥጉን አየሁት። ውቢት ከሐኪም ስትመለስ ያ ጆንያ ላይ ነበር የምትቀመጠው። ዳገቱን ወጥታ ቤት እስክትደርስ ልቧ አይችልም ነበር። ኸይረዲን ውሃ ይሰጣታል፣ ትንሽ ይቀልዳል፣ ትንፋሿ ይመለሳል። ደመና ደፉ ላይ ሆኖ ያያታል። ይኸው ነው። ሌላ ምንም የለውም ያ ጥግ።


መጋቢት 6፣ ቅዳሜ

ንስሐ ገባሁ። በሰው ሱቅ ውሻ አስገብቻለሁ አልኩ። አባ ጠየቁኝ።

«ባለቤቱ አይፈቅድም?»

«አይፈቅድም።»

«እንግዲያው ይቅርታ ጠይቀዋ። ጎረቤት አይደላችሁ?» ድምፃቸው ውስጥ ሳቅ ያለ መሰለኝ።

ስለ መሐላው አልነገርኳቸውም። ስለ ሩቂያም። ወረፋው ረጅም ነበር፣ ከኋላዬ አሮጊቶች ቆመዋል። ፈቱኝ። ያልፈቱኝን ግን ይዤው ተመለስኩ፤ መንገዱን ሙሉ ከእኔ ጋር ነበር።


መጋቢት 8፣ ሰኞ

ደመናን ዶዮገና አደረስኩት፣ ሶፎንያስ ዘንድ። የውቢት ታናሽ ወንድም ነው። ሰፊ ግቢ አለው፣ እንሰት አለ፣ ልጆች አሉ። ከተማ ለውሻ አይመችም። ለእሱ ብዬ ነው።

ሚኒባስ ውስጥ ጉድ ነበር። ረዳቱ በሩን ይዞ «ጋሼ፣ ይሄ ትርፍ ነው ወይስ ወንበር ነው?» አለ።

«እግሬ ሥር ይተኛል።»

«በግ ቢሆን ጣራ ላይ እጭነው ነበር። ውሻ ጣራ ላይ ወጥቶ መንደሩን ሁሉ ሲሰድብ ቢሄድስ?»

ሰው ሳቀ። አጠገቤ የነበረች ሴት ነጠላዋን ሰብስባ «አባባ፣ ቤተ ክርስቲያን ነው የምሄደው፣ እንዳይነካኝ» አለች። ጎትቼ ከጉልበቴ መሀል አስገባሁት። መንገዱን ሁሉ አልተንቀሳቀሰም፤ አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብሎ አየኝ።

ሶፎንያስ በደስታ ተቀበለው። ስመለስ አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።


መጋቢት 10

«ደመና የት አለ?» አለ ኸይረዲን።

«ዶዮገና ሰደድኩት። ለአየር ለውጥ።»

«ውሻ አየር ይለውጣል እንዴ! በዚያች ሴት ወሬ ነው አይደል?» ተናደደ። ሚዛኑ ላይ ያለው ስኳር ፈሰሰበት። «ላምቤቦ፣ አንተ አጥፍተህ ነው የምትደበቀው? ሄደህ አምጣው። ደፌ ላይ ይተኛ፣ ሰው ሁሉ ይይ። እኔ በሰው ፊት የማልኩለት ውሻ ነው!»

እሺ አልኩ።


መጋቢት 12፣ ዓርብ

ሱቁን ጠበቅኩ። ምንም አልሆነም። ምንም የለም ውስጡ። ጆንያው አለ፣ ጥጉ አለ፣ ዝናቡ አለ።

ማታ ሶፎንያስ ደወለ።

«ጋሼ፣ ይሄ ውሻ ምን ሆኗል? ትናንት ያ ሁሉ ዝናብ ሲወርድ ግባ ብንለው በር ላይ ተኛ። ልጆቹ ጎተቱት። ቂጣ ወረወሩለት። አፍንጫውን ደፉ ላይ አድርጎ ያያል እንጂ አይገባም። ሲነጋ እንደ ታጠበ ጨርቅ ሆኖ አገኘነው። እንደዚህ ያለ ውሻ አላየሁም፤ የሚያውቀው ሰው ካልጠራው በሕይወቱ አይገባም። ምን ብላችሁ ነው የምትጠሩት?»

አይሰማኝም፣ ኔትወርኩ ተቆረጠ አልኩት። አልተቆረጠም ነበር። «ጋሼ? ጋሼ?» ሲል ይሰማኛል።


መጋቢት 13

እንቅልፍ የለም። የመጀመሪያውን ገጽ ገልጬ አነበብኩት። «ሱቁ ውስጥ ሲገባ ዝም እላለሁ» ብዬ ጽፌያለሁ። ለራሴ ደብተር፣ ለራሴ ዓይን።

ደመና ገብቶ አያውቅም። ጠርቼው ነው።

ከአርባዋ በኋላ የመጀመሪያው ዓርብ ነበር። ኸይረዲን ጁምዓ ሄዷል። ዝናብ ነው፣ ሰው የለም። ደመና ደፉ ላይ ተኝቶ ጆንያውን ያያል፣ እሷ ትቀመጥበት የነበረውን። እኔም አየሁ። ውቢት ማታ ማታ በጓሮ በር ስትጠራው የምትለው አንድ የሀዲይኛ ቃል ነበር። እሱን ቃል አልኩት። እንደ እሷ አድርጌ፣ ድምፄን አቅጥኜ፣ መጨረሻውን ሳብ አድርጌ። ጆሮው ቆመ። መጀመሪያ እጄን አየ፤ እጄ ወደ ታች አላለም። ደግሜ ጠራሁት። ገባ።

ጆንያውን አሸተተው፣ ዞሮ አሸተተው፣ ጅራቱን ወዘወዘ። እዚያች ላይ፣ ለአንድ አፍታ፣ እሷ ያለች መሰለኝ። የማየው ጅራት ለእሷ የሚወዘወዝ ጅራት ነበር።

ከዚያ በየዓርቡ። እሱ ስለሚናፍቃት ነው እል ነበር። እሱ መች ለመነኝ? እሷ አይገባም ብላ ቃል ሰጥታ፣ አስተምራው ሞተች። እኔ በእሷ ድምፅ ቃሏን አፈረስኩ። ከዚያ ሩቂያን ከበረንዳ አስወጣሁ፣ ደመናን ከቤት። ሁለቱም ያጠፉት የለም። በረንዳውም ቤቱም ላይ የቀረሁት እኔ ነኝ።

ጌታ ሆይ፣ ኸይረዲንን እንዴት ብዬ ዓይኑን ልየው።


መጋቢት 15፣ ሰኞ

ሩቂያን ፈልጌ አገኘኋት፤ መናኸሪያው አጥር ሥር ናት። በላስቲክ ተጠልላ ትጠብሳለች፣ የባጃጅ ጭቃ ይረጫታል። እዚያ ማንም አያውቃት፤ «በመቶ ስንት ነው?» እያሉ ይጮኹባታል።

«ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት» አልኳት።

ሳምቡሳውን ገለበጠች። «እኔን ይቅርታ ቢጠይቁኝ ምን ይሆንልኛል ጋሽ ላምቤቦ? እኔ እውነቱን አውቀዋለሁ። ውሸታም ያሉኝ እነሱ ናቸው። ለእነሱ ይንገሩ።»

«እነግራለሁ።»

«መቼ?»

የላስቲኩን ጥግ አስተካከልኩላት። አየችኝና ትንሽ ቆይታ አንድ ሳምቡሳ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝ። «ምስር ነው፤ ለእናንተም ጾም ነው። ይውሰዱ። ዝናብ ላይ አይቁሙ።»

ልክፈል ስል እጄን ገፋችው። ማታ በላሁት። እየበላሁ አለቀስኩ፤ ቃሪያው ነው።


መጋቢት 17

ደመናን አመጣሁት። ከስቷል። ሶፎንያስ ግራ ገባው፣ ምንም አልጠየቀኝም። ረዳቱ ያው ልጅ ነበር፤ «ሥልጠናውን ጨረሰ?» አለኝ።

ቤት ስንደርስ በር ላይ ተኛ። ይህ የራሱ ቤት ነው፣ ውስጥ ነው የሚያድረው። ቢሆንም በር ላይ ሆኖ አየኝ። ግባ ግባ አልኩት፤ በራሴ ድምፅ። ቆይቶ ገባ።


መጋቢት 19፣ ዓርብ

ነገርኩት።

ሩቂያን ጠዋት ሄጄ ለመንኳት፣ መጣች፤ በረንዳው ጫፍ ላይ እጇን አጣጥፋ ቆመች። ጎረቤቶቹ ለጁምዓ አብረው ሊሄዱ ኸይረዲንን እየጠበቁ ነበር። አቶ አሳምነውም ለሱሪው መጥቷል። ደመና ደፉ ላይ።

«እንካ ቁልፍ» አለ ኸይረዲን።

እጄን አልዘረጋሁም።

«ምነው?»

«መጀመሪያ የምነግርህ አለ። እነሱም ይስሙ።» ድምፄ እንደ ልጅ ድምፅ ሆነብኝ። «ሩቂያ አልዋሸችም። ደመና እዚያ ጥግ ይተኛ ነበር። በየዓርቡ፣ አንተ ስትሄድ፣ ውቢት ካረፈች ጀምሮ። ገብቶ አይደለም። ጠርቼው ነው።»

አቶ አሳምነው ሊስቅ ሞከረ። «እንዴ ጋሽ ላምቤቦ፣ ይሄ ደግሞ በአደባባይ ይነገራል? ውሻ እኮ ነው!»

«የውሻው ነገር አይደለም» አለ ኸይረዲን። ዓይኑን ከእኔ ላይ አላነሳም። «እኔ ስምል አንተ የት ነበርክ?»

«እዚሁ።»

«ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ።»

ቁልፉን አየው። ከዚያ ወደ ሩቂያ ዞሮ አያት። በሩን ሳበ፣ ጓጉንቸሩን ቆለፈ፣ ቁልፉን ኪሱ ከቶ ከሰዎቹ ጋር ሄደ። በሃያ ዓመት ውስጥ ዓርብ ቀን ያ ሱቅ ሲዘጋ ያየሁት ዛሬ ነው።

ሩቂያ ወደ መናኸሪያው ልትመለስ ስትል «እንዲህ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም ነበር» አለችኝ። እኔም አላሰብኩም።

የአሳምነውን ሱሪ ጨረስኩ።


መጋቢት 20፣ ቅዳሜ

ሳይነጋ ተነሳሁ። ከጓሮ፣ ውቢት ጎመን ትተክልበት ከነበረው መደብ፣ አፈር ቆፍሬ በባልዲ ያዝኩ። ቀዩን አፈር፣ ድንጋይ የሌለበትን። ደመና ተከተለኝ። ሱቁ እስኪከፈት በረንዳው ላይ ጠበቅን።

ኸይረዲን መጣ። ባልዲውን አየ።

«ምንድን ነው?»

«አፈር ነው። አንዱ በአፈር አላልከኝም?»

ሱቁን ከፈተ። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ከሱቁ ጓሮ በጀሪካን ውሃ ይዞ መጣና አጠገቤ ቆመ። «በል፣ ጆንያውን መጀመሪያ እናንሳ» አለ። ሁለታችን ያዝነው። ሲነሳ ከሥሩ ፍሬ ባቄላና ዱቄቱ ፈሰሰ፤ ነቀዝ ጨርሶታል።

«ይሄ ሁሉ ጊዜ ለምን ያልሸጥኩት ይመስልሃል?» አለ።

ቀና ብዬ አየሁት።

«አንተ ብቻ ነህ እንዴ የምታስታውሳት? ከሐኪም ስትመጣ እዚህ ቁጭ ብላ ‹ኸይሩ፣ ዛሬ ደግሞ ባቄላህን አሞቅኩልህ› ትለኝ ነበር። እንዴት ብዬ ልሽጠው?» ወዲያው ተቆጣ። «ብትነግረኝ ምን ነበር! አንድ ቀን ‹ኸይረዲን፣ ከፍቶኛል› ብትለኝ ምን ነበር! እኔ ውጭ ወጥቼ በረንዳ ላይ አብሬህ እቀመጥ ነበር። ሱቁ ይዘጋ ነበር።»

አፈሩን በተንኩት። ውሃ አፈሰሰ። ማሸት ጀመርኩ።

«ሸኹን ጠየቅኳቸው» አለ ከላዬ ቆሞ። «ሳታውቅ የማልከው አይያዝብህም አሉኝ። ‹ዝም ያለውስ?› አልኳቸው። ‹እሱን ለእሱ ተወው› አሉ።» ጀሪካኑን አዘነበለ። «ሁለት።»

ሲቆጥር እንደ ሚዛን ነው የሚያጠብቀው። «ይሄ አይቆጠርም፣ ጥጉን ዘለልከው።» «እሱ እኮ ደረቅ ነበር።» «እኔ ነኝ የምሰግድበት ወይስ አንተ?» ደገምኩት። ግድግዳውን፣ የጆንያውን ሥር፣ እስከ ደፉ። ሰባት ሲል ጉልበቴ አልነሳ አለኝ። ብብቴን ይዞ አነሳኝ። መስገጃውን ራሱ ትናንት ቤቱ አጥቦታል።

ከሰዓት ሩቂያ ምድጃዋን ይዛ መጣች። ትናንት ካፈጠረ በኋላ በጨለማ ቤቷ ድረስ ሄዶ ይቅርታ እንደጠየቃት እሷ ናት የነገረችኝ። ዛሬ ደግሞ ያን ሰኞ መሐላውን የሰሙት ሰዎች በተሰበሰቡበት በረንዳው ላይ ቆሞ «ዋሸሽ ያልኩሽ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት» አላት። ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ዘይት ማሞቅ ጀመረች። ደመናን ራሴ ወደ ወዲያኛው ጫፍ ወሰድኩት፣ ሳትጠይቀኝ። ቆይቶ ግን ተመልሶ ደፉ ላይ ተኛ። እሷም ተወችው።

አመሻሹ ላይ ጨረቃ ታየች፣ ነገ ዒድ ነው የሚል ወሬ መጣ። ሰው ሁሉ ወደ መስጊዱ ሄደ። ኸይረዲንም ተነሳ። ደፉ ጋ ቆም አለ፣ ኪሱን ዳበሰ፣ ቁልፉን አላወጣም። «ሱቁን እይልኝ»ም አላለኝም። በሩን ክፍት ትቶ ሄደ።

ዝናብ ጀመረ። ሩቂያ ላስቲኳን ወጠረች። ሱቁ ውስጥ ማንም የለም፤ ጥጉ ባዶ ነው፣ ሲሚንቶው ገና ርጥብ ነው፣ የውቢት መደብ አፈር ትንሽ ይሸታል። ደመና አፍንጫውን ደፉ ላይ አድርጎ ጆንያው የነበረበትን አየ። ከዚያ ዞሮ እኔን አየኝ። ጆሮው ቆመ። ጠበቀ።

ቃሉ አፌ ላይ መጣ። በእሷ ድምፅ።

አልጠራሁትም። በርጩማዬን ይዤ ሄድኩና ከደፉ ውጭ፣ አጠገቡ ተቀመጥኩ።